በሞቴ ያልተባልኩበት ክረምት

ባለፈው ነሐሴ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ ፌስታል ፈታች። ውጭ ዝናብ ነው። መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ የረጠበ ጋቢ ሽታና የናፍጣ ሽታ እርስ በርስ ይጋፋል። በዚያ መሐል የዘይቱን ሽታ መጣ። ዘይቱን ለመሽተት መነከስ አያስፈልገውም፤ ልጣጩ ቢጫ ብሎ ሲበስል ያለበትን ቤት ሁሉ ይሞላል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ግራ ቀኙን አሽትተው «ሽቶ የተቀባ አለ እንዴ?» አሉኝ። እግሬ በራሱ ጊዜ መወዛወዝ ጀምሮ ነበር። እኔ ድሮም አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ይህ ሽታ ሲመጣ ግን ይብስብኛል፤ የሆነ ቦታ መድረስ ኖሮብኝ የዘገየሁ ይመስለኛል።

አሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ ከየትም ቢነሳ መጀመሪያ እኛን ሳያገኝ የማያልፍበት ሜዳ ላይ ነው። አባቴ ገብስ አራሽ ነው፤ እርሻው ሲያርፍ ደግሞ ባና ይሠራል፣ ያንን ከበግ ጸጉር የሚሠራውን ከባድ የመንዝ ብርድ ልብስ። ክረምታችንን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ቆፈኑ ነው። ሐምሌ ከገባ ጉሙ ከደጃችን አይነሳም። ኩበቱ ይረጥብና ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ በጎቹ ያስላሉ፤ እኛም እናስላለን። እጃችንን ከብብታችን የምናወጣው ለመብላትና ለማማተብ ብቻ ነበር። እንደ እኔ ላለች ዕረፍት የለሽ ልጅ ክረምት እስር ቤት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማ እግዜር ይቁጠረው።

አክስቴ አስካለ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ቆላ አግብታ ወርዳለች፤ ከዓለም ከተማ በታች፣ ገደሉ ሥር ምንጭ የሚፈልቅበት አገር። ዘመዶቻችን ስሟን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አስካለን እኮ ቆላ በላት» ይላሉ። የተበላችው ሴትዮ ግን በየዓመቱ ወፈር ብላ፣ ፊቷ ወዝ ጠግቦ ነው የምትመጣው። እግዜር ልጅ ብቻ አልሰጣትም። የዚያን ዓመት ሰኔ ለአያቴ ሙት ዓመት መጣችና ስትመለስ እኔን ይዛኝ ወረደች። ለእኔ የተነገረኝ «ክረምቱን አክስትሽን ስታጫውቻት ከርመሽ ትምህርት ሲከፈት ትመጫለሽ» ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ጭስ ያውጡኝ እንጂ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እናቴ ስንቄን ስትቋጥር ምክሯ አላልቅ አለ። «አገዳ እንዳታኝኪ፣ ንዳድ ይይዝሻል። ምንጩን በእፍኝሽ እንዳትጠጪ። ፀሐይ ላይ እንዳትቆሚ። ደግሞ ሰው ቤት አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

ዋናው የመጨረሻው ነበር። የእኛ ቤት ወግ እንዲህ ነው፤ ሰው ቤት ገብተሽ ብዪ ስትባዪ መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። ሁለተኛ ሲሉሽ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ትያለሽ። ሦስተኛ ላይ ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች፤ ያኔ እያፈርሽ እጅሽን ትሰጃለሽ። በሞቴ ከተባለ በኋላ እንቢ ማለት ደግሞ የሴትዮዋን ሞት እንደ መመኘት ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ማኅበር ላይ በመጀመሪያው «ብዪ» እጄን ዘረጋሁ። ርቦኝ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ሥር ጭኔን የቆነጠጠችኝን ቦታ ዛሬም ጣቴን ብሰድ አገኘዋለሁ። ስንወጣ «ቤትሽ የምትራቢ አስመሰልሽኝ» አለችኝ። ከቁንጥጫው ይልቅ ይቺ ቃል ገባችብኝ።

ደብረ ብርሃን አድረን በማግስቱ የዓለም ከተማን አውቶቡስ ያዝን። አውቶቡሱ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል ሲጠማዘዝ አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ከፈተና «ዝጋው!» የሚለው ጠፋ። የገባው ነፋስ ሞቃት ነበር። እኔ ነፋስ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው ብዬ አምን ስለነበር ሞተሩ የተቃጠለ መሰለኝ። አክስቴን ጎተትኳትና «እሳት ተነሳ» አልኳት። እሷ ሳቀችና ሹራቤን በራሴ በኩል መዥርጣ አወለቀችልኝ። በክረምት ሹራብ ሲወልቅ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዓለም ከተማ በእግር፣ ስንቃችንን አህያ ላይ ጭነን ገደሉን ወረድን። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ለመሸሽ ስንደረደር አክስቴ አትሮጥም። ዝናቡ ለብ ያለ ነው። ቀና ብዬ ፊቴን ሰጠሁት። በስተግራ ከገደሉ ጫፍ ውኃ እየተወረወረ ይወርዳል፤ አንዱን አይቼ ሳልጨርስ ሌላው። መሬቱ እስከ ታች አረንጓዴ ነው፤ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ግን አይደለም፤ ማሽላው ሌላ፣ ሙዙ ሌላ፣ ሣሩ ሌላ። የቱን እንደማይ ግራ ገብቶኝ አንገቴ ታመመ።

ታች ስንደርስ ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ደን አጥር ተበጅቶለት ቆሟል። በእኛ አገር ከባሕር ዛፍ በቀር እንዲህ ያለ ዛፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ምን ጥያቄ አለው? ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሦስት ጊዜ አማተብኩ፣ የአጥሩን ቋሚ ተሳለምኩ። ከውስጥ አንድ ረዥም ሰውዬ መቆፈሪያ ይዘው ወጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የአክስቴ ባል ጋሽ ታደለ ናቸው።

«የማንን ደብር ነው የተሳለምሽው፣ ልጄ?» አሉኝ።

አክስቴ ከሳቋ ብዛት አህያዋን ተደገፈች። የእሳቸው የፍራፍሬ ጓሮ ነበር። ጋሽ ታደለ ግን አልሳቁብኝም። «ተያት፣ ያጠፋችው የለም» ብለው ጫማዬን አንስተው ሰጡኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደድኳቸው።

በአህያዋ ጭነት ውስጥ እናቴ ለአክስቴ ስጦታ የሰደደችው ባና ነበር፣ አባቴ የሠራው፣ ሁለት ሰው የሚያደክም። ጋሽ ታደለ አንስተው መዘኑትና «ይህን ለብሶ እዚህ ያደረ ሰው ጠዋት ተቀቅሎ ነው የሚገኘው» አሉ። ክረምቱን ሙሉ ከአህያዋ ጭነት ሥር እየተነጠፈ አገለገለ። እናቴ ይህን እንዳትሰማ ሦስታችንም ተማማልን።

የመጀመሪያውን ሌሊት አጎበር ውስጥ አስተኙኝ። ነጭ መረብ ከላይ ወርዶ ዙሪያዬን ሲከበኝ መቅደስ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ አልንቀሳቀስ አልኩ። ጠዋት ስነቃ እጆቼ ሁለቱም ወደ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ቤታችን የምንተኛው እንደ ዶሮ ተጠቅልለን ነው። እጆቼን አየኋቸው፣ ጣቶቼን ዘረጋሁ፣ ሰበሰብኩ፤ አይቆረጥሙም፣ አይጠዘጥዙም። ያን አገር የወደድኩት መቼ ነው ብትሉኝ ያን ጠዋት ነው። ሌላው ሁሉ በላዩ የተጨመረ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። የጎረቤት ልጅ ብርቄ እኩያዬ ናት፤ ቀጭን፣ ነገር የማታስረዝም። በሁለተኛው ቀን ዛፍ ላይ ወጥታ ዘይቱን ቀጠፈችና «እንቺ» አለችኝ። እኔም እንደ ወጌ «ጠግቤያለሁ» አልኳት። ብርቄ እሺ ብላ ራሷ በላችው። አጠገቧ ቆሜ ሮዝ የሆነውን ውስጡን፣ በአገጯ የሚወርደውን ውኃ አየሁ። ሁለተኛ እስክትለኝ ጠበቅኩ። ሌላ ቀጠፈች፤ እሱንም በላች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ምራቄን ስውጥ ከረምኩና በመጨረሻ ለጋሽ ታደለ «ብርቄ ንፉግ ናት» ብዬ ከሰስኳት።

«ምን ከለከለችሽ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንቺ የምትለው።»

ነገሩ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ «መንዜ መጣችብን!» አሉ። «እዚህ አገር አንድ ጊዜ ነው። ዛፉ ሞልቶ ማን ማንን ይለምናል? ሲያምርሽ መቅጠፍ ነው።»

ሲያምርሽ መቅጠፍ! ማንም ሳይሰጠኝ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ሳልግደረደር። ያን ቀን ዛፍ ላይ ወጥቼ ሆዴ እስኪነፋ በላሁ። ፓፓያ በላሁ፤ ፍሬው ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ጥቁር ዘር የበግ በጠጥ መስሎኝ መጀመሪያ ደንግጫለሁ። ሎሚ እንደ ብርቱካን ልጬ ነክሼ ብርቄን እስከ ምሽት አሳቅኳት። ዝንጀሮ ከማሽላ አባረርን። ዝናብ ሲጥል ሌላው ቤት ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ቤት ውስጥ ግን አክስቴ የመንዝ ልጅ ናትና ወጓን አልጣለችም። ማዕድ በቀረበ ቁጥር እኔ ጠግቤያለሁ ስል እሷ «ኧረ ብዪ»፣ እኔ በቃኝ ስል እሷ «በሞቴ!» እያለች ታጎርሰኛለች። ውጭ በቆላ ሕግ፣ ቤት በደጋ ሕግ እኖር ነበር፤ ሁለቱም ተስማምቶኛል።

አገዳውን ለማኘክ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ብርቄ አንድ ቀን ረዥም ሸንኮራ ሰብራ ግማሹን ጣለችልኝ። በላሁት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥቃይ ነው። ማታ ግንባሬን ዳሰስኩ፣ ጠዋት ግንባሬን ዳሰስኩ፣ ላብ ባየሁ ቁጥር ይኸው ንዳዱ እላለሁ፤ እዚያ አገር ደግሞ ላብ መቼ ይጠፋል። ምግብ ትቼ ከደጅ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ ስመላለስ አክስቴ ያዘችኝና ነገሩን አወጣጣችኝ።

«አገዳ አይደለም ወባ የሚያመጣው፣ ትንኝ ናት። ጤና ጣቢያ ስንት ጊዜ ነግረውናል። አጎበሩ ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

«እማዬ ግን አገዳ ነው ብላለች።»

«እናትሽ እዚህ አድራ አታውቅም» አለች አክስቴ። ቁጣ አልነበረባትም። ጸጉሬን ልትሠራኝ ጉልበቷ መሐል አስቀመጠችኝና ቀስ እያለች ጎነጎነችልኝ። እኔም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳሁም። ይህን እናቴ ብታይ አታምንም።

ፍልሰታ ገባ። ቤታችን የፍልሰታ ጦም ከባድ ነው፤ ቆሎና ሽሮ፣ ብርድና ቅዳሴ። እዚህ ከቅዳሴ ስንመለስ ሙዝ አለ፣ ዘይቱን አለ። ይህ ጦም ነው ወይ ብዬ ተጨነቅኩ። የደብሩን ቄስ ልጠይቅ አስቤ መልሳቸው አይሆንም ቢሆንስ ብዬ ተውኩት። ስቆርብ እመቤቴን የለመንኳት አንድ ነገር ነው፣ ነሐሴ እንዳያልቅ።

ያን ሰሞን ዘይቱን ዛፍ ላይ ቅጠል ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አክስቴና ጋሽ ታደለ ከሥር ጌሾ ሊለቅሙ መጡ። እንዳለሁ አላወቁም።

«ወንድሜ ቃሉን ሰጥቶኛል» አለች አክስቴ። «ጳጉሜ ሳትገባ ይመጣል፤ ራሷን ይጠይቃታል። እወዳለሁ ካለች ትቀራለች። ከማዶ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። እንደ ልጄ ነው የማሳድጋት።»

«አንቺስ አልጠየቅሻትም?»

«እኔ አልጠይቃትም። ዓይኗን ግን አያለሁ።»

ጋሽ ታደለ ጌሾውን እየቆነጠሩ «እኔም አያለሁ» አሉ።

ዛፉን ጨብጬ ቀረሁ። ልቀር ነው! እጄን ዘርግቼ ልተኛ፣ ሲያምረኝ ልቀጥፍ፣ ለዝናብ ልወጣ፣ አክስቴ በየምሽቱ ጸጉሬን ልትሠራኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ለገና እሄድላታለሁ፣ ዘይቱን እወስድላታለሁ ብዬ ነገሩን አስታረቅኩት። ከዚያ ቀን ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። መንገዱ የሚታይበት ድንጋይ ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። አባቴ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፤ እንዳይመጣም እፈልጋለሁ። አክስቴ ዓለም ከተማ ገበያ ወጥታ ቢጫ የላስቲክ ጫማ ይዛልኝ መጣች። ሰፋኝ። «ታድጊበታለሽ» አለችና ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች።

ምን ብዬ እንደምመልስም አሰብኩበት። አባቴ ትቀሪያለሽ ወይ ሲለኝ ቶሎ አዎ ብል «ቤትሽ የምትራቢ አስመሰልሽኝ» የሚለው ነገር ይመጣል። አባቴን በሰው ቤት፣ በአማቹ ፊት ላዋርደው? ስለዚህ መጀመሪያ «አይ፣ ልሂድ» እላለሁ። አክስቴ «ኧረ ቅሪ» ትላለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። አክስቴ «በሞቴ!» ትላለች። ያኔ አባቴን አየት አድርጌ፣ እያፈርኩ፣ እሺ እላለሁ። አባቴ ይኮራብኛል፣ አክስቴ ትስመኛለች፣ እኔ እቀራለሁ። ብርቄ ላይ ተለማመድኩት። ብርቄ «ለምን መጀመሪያውኑ አዎ አትያቸውም?» አለችኝ። ቆለኛ ምን ያውቃል ብዬ ናቅኳት።

ያላወቅኩት ነገር ነበር። በሰኔ፣ ከመነሳታችን በፊት፣ እናቴ አክስቴን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁማ አስምላታለች። «አንድ ጊዜ ትጠየቅ። አዎ ካለች ዕጣዬ ነው፣ አልቀየምሽም። አይ ካለች ግን በሞቴ ብለሽ እንዳታስቀሪብኝ። ልጄ ይሉኝታ ትፈራለች፤ በይሉኝታ እንድትቀር አልፈልግም» ብላ። አክስቴም ምላለች። ይህን እናቴ ራሷ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አባቴ አንድ ረፋድ ላይ ደረሰ። ቆላ አድሮ አያውቅም፤ ውሎም ቢሆን ጋቢውን አያወልቅም። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ጋቢውን ጥብቅ አድርጎ ተቀመጠ። ሳመኝ፤ የበግና የጭስ ሽታው መጣብኝ፤ ናፍቄው እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት። ጋሽ ታደለ ሰሐን ሙሉ ዘይቱን አቀረቡለት።

«ጠግቤያለሁ» አለ አባቴ።

«ኧረ ቅመስ» አለች አክስቴ።

«ዓለም ከተማ በልቼ ነው የወረድኩት።»

«በሞቴ፣ ወንድሜ!»

አንዱን አነሳ። ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ማንም ሳይለምነው ሰሐኑን አጋመሰው። እኔ በበሩ ሥር ቆሜ ይህን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። አክስቴ በሞቴ ማለት አልረሳችም። ልቤ ሞላ።

ምሳ ከተበላ በኋላ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የሺ፣ ነይ እስቲ።» መሐላቸው ቆምኩ። «አክስትሽ እዚህ እንደ ልጇ ልታሳድግሽ፣ ልታስተምርሽ ፈልጋለች። እኔ አልከለክልም። አንቺ ነሽ የምትናገሪው። ትቀሪያለሽ ወይስ እንሂድ?»

የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ልክ እንደተለማመድኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ «አይ፣ ልሂድ» አልኩ።

ጠበቅኩ።

ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። የአክስቴን እግር ብቻ ነው የማየው። ጣቶቿ ተጨብጠው መሬቱን ያዙ። ጋሽ ታደለ «ኧረ ልጅት፣ አንቺ እኮ…» ብለው ሲጀምሩ የአክስቴ እጅ ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

«ልጅቷ ተናግራለች» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

ቀና ብዬ አየኋት። አሁን ትላለች፣ አሁን ትላለች እላለሁ። እሷም ታየኛለች። ዓይኗ በእንባ ሞልቶ አንድ ነገር ይለምነኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አሁን ይገባኛል፤ ራስሽ ተናገሪ ነበር የሚለኝ። ከዚያ ተነስታ ጓዳ ገባችና ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች። አባቴ ትንፋሹን ለቀቀ።

ልብሴ ሲታሰር ጠበቅኩ። ዘንቢል ውስጥ ዘይቱን ሲሞላልኝ ጠበቅኩ። ብርቄ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ በዓይኗ «ምነው?» ስትለኝ ቆይ በሚል እጄን አወዛወዝኩላት። አክስቴ እስከ ምንጩ ሸኘችን። እንግዲህ መሳም ሲመጣ ነው የምትለው አልኩ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ፣ «በይ፣ እናትሽን ሳሚልኝ» አለችና ዞራ ሄደች። ደግማ አልዞረችም። ስትሄድ ትከሻዋን አይቼ ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ አባቴ አጠገቤ ነበረ፤ መልሼ ዘጋሁት።

አባቴ ከጨለማ በፊት ዓለም ከተማ ለመድረስ ይቸኩላል። ገደሉን ስንወጣ ዝናቡ ቆመ። እሱ እያለከለከ ስለ ቤት ያወራልኛል፤ ግልገሎቹ ማደጋቸውን፣ እናቴ ሌሊት እየተነሳች መኝታዬን እንደምታይ። «ደስ ነው የሚላት» አለ። እኔ አልሰማውም። የጓሮው ዛፍ ለመጨረሻ ጊዜ የሚታይበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እግሬ ቆመ። ያ አንድ ቦታ የማይቆም እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ታች አረንጓዴው ላይ ጉም እየተነሳ ነው። አላለቀስኩም፤ ቆሜ ብቻ አየሁ።

አባቴ ጥቂት አልፎኝ ሄዶ ነበር። ተመለሰ። እኔን አየ፤ ወደማየው ደግሞ አየ። ከዚያ፣ ሊናገረው እንዳልፈለገ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ልመልስሽ እንዴ?» አለኝ።

ሁለመናዬ አዎ አለ። አፌ ግን የተማረውን ነው የተናገረው።

«አይ፣ ግድ የለም።»

አባቴ የመንዝ ሰው ነው። የመጀመሪያው አይ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ያን ቀን ጠዋት እንኳ ሁለት ጊዜ ብሎታል። ከንፈሩ ሊላቀቅ ሲል አየሁት። ከዚያ ዘንቢሉን ከእጄ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለና «እንግዲያው ሳይመሽ እንድረስ» ብሎ ቀደመኝ።